በጉያ የተያዘ ድንጋይ

ስለ ውጭ አገር እራት ባወራሁ ቁጥር ከተማሪዎቼም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ካሉት ወዳጆቼም የሚመጣልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ለመሆኑ ያጠግባል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ሃያ ጊዜ ያህል ሳህን እየተለዋወጠ፣ በእያንዳንዱም ላይ ከአንዲት ጉርሻ ያነሰ ነገር እየቀረበ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅ ገበታ ሲነገር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። መልሱን አስቀድሜ ልስጥ፤ ያጠግባል። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሆድ ሳያውቀው ይሞላል።

ዛሬ የማወጋችሁ በባርሴሎና ከተማ የካታላንንና የጃፓንን አበሳሰል አገናኝቶ ስለሚቀርበው የቅምሻ ገበታ ነው። በቅምሻ ገበታ እንግዳው ምግብ አይመርጥም፤ አብሳዩ ያሰበውን በተራ በተራ ያቀርብለታል። ካታሎኒያ በስፔን ሰሜን ምሥራቅ፣ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር የምትገኝ፣ የራስዋ ቋንቋና የራስዋ ወጥ ያላት ምድር ናት። ታዲያ ከጃፓን ጋር ምን አገናኛት?

ብዙ ሰዎች መልሱን ከፌራን አድሪያ ይጀምራሉ። ሮዘስ ከተባለችው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ የነበረው «ኤል ቡሊ» የተባለው የአድሪያ ምግብ ቤት በ1997 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሦስተኛውን የሚሽለን ኮከብ አግኝቶ፣ በ2011 እስኪዘጋ ድረስ ስሙ በዓለም ሲጠራ ኖረ። አድሪያ ጃፓንን ከጎበኘ በኋላ የዚያ አገር ቅመምና ሥርዓት በገበታው ላይ እየበዛ ሄደ። በዚያው ቤት የአብሳዮች አለቃ የነበረው አልቤርት ራውሪች ደግሞ በ2008 በባርሴሎና «ዶስ ፓሊዮስ» የሚባል ቤት ከፈተ። ትርጓሜው «ሁለት ስንጥር» ማለት ነው። ስፓኞች ከመጠጥ ጋር የሚቀርበውን ቁራሽ የሚወጉበትም ስንጥር፣ ጃፓኖች የሚበሉበትም ቀጭን እንጨት በአንድ ስም ይጠራሉና፣ ጨዋታው ከስሙ ይጀምራል። በሌላው ወገን ጃፓናዊው ሂደኪ ማትሱሂሳ ከአገሩ መጥቶ፣ በአሮጌው ከተማ ባለው «ኮይ ሹንካ» የካታሎኒያን ባሕር ዓሣ በጃፓን ቢላዋ ሲቆርጥ ዝናን አተረፈ።

እኔ ግን ከአብሳዮቹ ዓሣው ይቀድማል እላለሁ። ላሜትላ ደ ማር ከምትባለው የካታሎኒያ ወደብ የሚነሡ መርከቦች የሚያጠምዱት ብሉፊን የተባለው ታላቁ ቱና ወደ ጃፓን ገበያ ሲጫን ኖሯል። ፍላጎቱ ከልክ አልፎ ዓሣው ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ፣ መቀመጫው በማድሪድ የሆነው ዓለም አቀፍ የቱና ኮሚሲዮን ለምሥራቅ አትላንቲክና ለሜዲቴራኒያን የተፈቀደውን መጠን ቀንሶ ለ2011 ዓመት 12,900 ቶን አደረገው። ዓሣው አገግሞ በ2020 ፈቃዱ 36,000 ቶን ደረሰ። ስለዚህ በሳህን ላይ የምትቀርበዋ ቀይ ቁራሽ ከመጥፋት አፋፍ የተመለሰች ናት። ሩዙም ቢሆን ከሩቅ አይመጣም፤ የኤብሮ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ረግረግ የሚበቅለው የካታላኖች ሩዝ ከጃፓን ሩዝ ጋር በዘር አንድ ወገን ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የወጡ መሠረት ነው። የካታላን አብሳይ ሽንኩርቱን በዘይት በቀስታ እስኪጠቁር ድረስ ያበስልና ቲማቲም ይጨምርበታል። ሶፍሬዢት ይሉታል፤ የእኛ እናቶች ቢያዩት ቁሌት ነው ብለው ያልፉታል። ጃፓናዊው ግን ዘይት አይነካም። ኮምቡ የተባለውን የባሕር ቅጠል በውኃ ያሞቃል፤ በጢስ ደርቆ እንደ እንጨት የጠነከረ ዓሣ በመላጊያ ልጦ ይጨምርበታል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አጥልሎ ዳሺ የተባለውን መረቅ ያወጣል። በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ የቶኪዮ ኬሚስት ከዚሁ ኮምቡ ግሉታማት የሚባለውን ነገር ለይቶ አውጥቶ ጣዕሙን «ኡማሚ» አለው። ይኸው ግሉታማት በበሰለ ቲማቲም ውስጥም ሞልቷል። እንግዲህ አንዱ በዘይትና በብዙ ጊዜ፣ ሌላው በውኃና በጥቂት ደቂቃ፣ ሁለቱም የሚያሳድዱት አንድ ጣዕም ነው። በሶፍሬዢት ላይ ዳሺ የሚያፈስ ሰው ዘመድ ከዘመድ ያገናኛል። ያገኘውን ሁሉ በሶያ ሶስ አጥቦ «የጃፓን ነው» የሚለው ግን ሶያውን ያበላሻል፤ ከዚህ የተለየ ሥራ ሲሠራ አላየሁም።

ባለፈው ክረምት ለአጭር የመምህራን ትምህርት ባርሴሎና በነበርኩ ጊዜ አንዲት የአገሩ መምህርት ጋበዘችኝና በእንዲህ ያለ ቤት ተቀመጥኩ። ገበታው አብሳዮቹን ፊት ለፊት የሚያሳይ ረጅም ጠረጴዛ ነው። በመጀመሪያ ቲማቲም የታሸበት የዳቦ ቁራሽ ከጥሬ ቱና ጋር መጣ። (ቁርጥ የሚበላ ሰው በጥሬ ዓሣ ሊደነግጥ አይገባውም።) ቀጥሎ የዝኩኒ አበባ በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ ተጠብሶ፣ ከለውዝና ከተጠበሰ ቃሪያ በሚሠራው ሮሜስኮ በተባለው የካታላን ማባያ ቀረበ። በጨው የደረቀ የባካላ ዓሣ ከሽምብራ ጋር በዳሺ ውስጥ ሆኖ ሲመጣ ግን ማንካዬን አስቀምጬ ማሰብ ጀመርኩ።

ያሰብኩትም ይህ ነው። ባካላ ካታላኖች በዐቢይ ጾም የሚበሉት ነው። ቲማቲም የታሸበት ዳቦ የደረቀውን ለማለስለስ የተገኘ የገበሬ ዘዴ ነው። ያ ጥብስ፣ ጃፓኖች ቴምፑራ የሚሉት፣ እንደሚባለው ከፖርቱጋል ካህናት የመጣ ነው፤ በዓመት አራት ጊዜ ሥጋ የማይበላባቸውን ቀኖች በላቲን ቋንቋ «ቴምፖራ» ይሏቸው ነበርና። ፖርቱጋሎች ጃፓን የደረሱት በ1543፣ የክሪስቶቮ ዳ ጋማ ወታደሮች ምጽዋ የወረዱት በ1541 ነው። ጠመንጃው ለሁለታችንም ደረሰ፤ ጥብሱ ግን ለጃፓኖች ብቻ ሆነ።

የገበታው ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ጃፓኖች ተራ በተራ የሚቀርበውን የክብር ምግብ ካይሰኪ ይሉታል፤ ስሙ ከተጻፈባቸው ፊደላት አንዱ ጉያ፣ ሁለተኛው ድንጋይ ማለት ነው። የዜን መነኮሳት ረኃባቸውን ለማስታገሥ የሞቀ ድንጋይ በልብሳቸው ውስጥ፣ ሆዳቸው ላይ ይይዙ ነበር ይባላል። በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው የሻይ ሥርዓት መምህር ሴን ኖ ሪኪዩ ለእንግዳ ተገቢ ነው ያለው አንድ ሾርባና ጥቂት ማባያ ነበር።

አሁን የዚያ እራት ዋጋ ለአንድ ሰው ከእኔ የወር ደመወዝ ይበልጣል። አብሳዮቹን አልወቅስም፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከእንግዶቹ ቍጥር የማያንሱ ሰዎች ቆመው ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ዋጋውም ከዚያ ይመጣል። ነገር ግን በኤል ቡሊ በየዓመቱ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ብዙ ወጣቶች ለልምምድ ሲባል ያለ ደመወዝ ይሠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በሌሎችም ታላላቅ ቤቶች ልማዱ የተለመደ ነበር። ሙያ ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ከዚያ ወጥተው የራሳቸውን ቤት የከፈቱም አሉ። ሆኖም እንግዳው በቅንጦት ሲቀምስ፣ ድንጋዩን በጉያው ይዞ የቆመው ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው የሃያ ዓመት ልጅ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ደመወዙ ገና ያልጸና ጸሐፊ ወይም ተማሪ የሆነ አንባቢ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

መጨረሻ ላይ የመጣው በስኳር የተቃጠለ የወተትና የእንቁላል ክሬም፣ ዩዙ በተባለው የጃፓን ሎሚ ሸትቶ፣ ከሁሉ የበለጠ ጣፋጭ ነበር። ይህም ካታላኖች በመጋቢት ለቅዱስ ዮሴፍ በዓል የሚሠሩት ነው።

ባርሴሎና ለመሄድ ዕድል የሚያጋጥማችሁ፣ ኪሳችሁም እንደ እኔ የሆነ፣ በአዘቦት ቀን በምሳ ሰዓት «የቀን ምሳ» የሚል ጽሑፍ ከበሩ ላይ የተሰቀለበት ቤት ግቡ። ሾርባ ወይም ሰላጣ፣ ዋና ምግብ፣ ዳቦና መጠጥ በአንድ ቁርጥ ዋጋ ይቀርብላችኋል። በገበያው ውስጥ ባሉት ትናንሽ ባንኮኒዎች ሽምብራ ከባካላና ከቆስጣ ጋር የሚያወጡ አሉ፤ እኔ በማግስቱ ከዚያ ሁለት ሳህን በላሁ።