ፎቶው ሲበር መኪናው ይገፋል!

የወንድሜ ልጅ የመኪና ማስታወቂያ አምጥቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ አበራረሩን እይልኝ!» አለኝ። ዛፉና አስፋልቱ ደብዝዞ መስመር ሆኗል፤ መኪናው ግን ጥርት ብሏል።

ፎቶ አንሺ ነኝና ሳቄ መጣ። ካሜራው በረጅም ዘንግ መኪናው ላይ ይታሰራል። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰው በእጁ ቀስ እያለ ይገፋዋል። ካሜራው ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑን ገልጦ ይቆያል። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ የሚደበዝዘው መንገዱ ብቻ ነው። ዘንጉን በኋላ ኮምፒዩተር ያጠፋዋል። በቃ፣ ፍጥነት ተሠራ!

ሙያውን አልነቅፍም፤ እንዲያውም ለአንሺው አደጋ የለውም። የምቃወመው ዝምታውን ነው። ጎረምሳው በኤሊ እርምጃ የተነሳ ፎቶ አይቶ ቤንዚን የሚረግጠው፣ እናቶችና ሕፃናት በሚሻገሩበት መንገድ ላይ ነው። ሻጮች ሆይ፣ ከፎቶው ሥር «እየተገፋ የተነሳ» ብላችሁ ጻፉ! ወይስ ገበያ ያበላሻል?