የካሬዋ ስፋት ስንት ነው?

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጣለው ከባድ ዝናብ ያስከተለው ጎርፍ የሰባት ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ቁጥር የጎርፍ ካርታ ይነሣል፤ ቀይ የተቀባው ስጋት ያለበት፣ ያልተቀባው ደኅና ነው ይባላል። «ኮምፒዩተር ያወጣው ነው» ከተባለ ደግሞ ማን ይከራከራል? እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የካርታው ካሬ ስፋት ስንት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎርፍ ሞዴል ከተማን እንደ ዳማ ገበታ በካሬዎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ ከፍታ ብቻ ይሰጣል፤ የውኃውንም አካሄድ ከዚያ ያሰላል። በነጻ ከሚገኙት የከፍታ መረጃዎች መካከል ዋነኛው የኢንዴቨር መንኮራኩር በየካቲት 1992 ዓ.ም. በ11 ቀናት ከሕዋ የለካው ነው። ለአፍሪካ በመጀመሪያ የተለቀቀው ባለ90 ሜትር ካሬ ሲሆን፣ ባለ30 ሜትሩ የተከተለው በ2007 ዓ.ም. ነው።

እስቲ እናስላው። 30 በ30 ሲባዛ 900 ካሬ ሜትር ይሆናል። በቀበና ወንዝ ዳር በዚህ ስፋት ላይ ስንት ቤተሰብ ተጠጋግቶ እንደሚኖር የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። ሁለት ሜትር የማይሞላው መተላለፊያ፣ ጎርፉን ወደ ጎረቤት የሚመልሰው የግንብ አጥር፣ ጠባቡ ቦይ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይዋጣሉ። ልኬቱም መሬቱን ብቻ ሳይሆን ጣሪያውንና ባሕር ዛፉን ጭምር ስለሚያነብ፣ የቤቶች ረድፍ ኮረብታ ሊመስል ይችላል።

ባለሙያዎቹን በስንፍና አልከስም። የካሬውን ጎን በግማሽ መቀነስ የካሬዎቹን ቁጥር አራት እጥፍ ያደርጋል፤ የስሌቱ የጊዜ እርምጃም አብሮ ስለሚያጥር ድካሙ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ነገር ግን የዚህ ቁጠባ ዕዳ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ሰፊ ግቢ ያለው በካርታው ላይ ይታያል፤ የቀበሌ ቤት ነዋሪው ግን በአማካዩ ውስጥ ይሟሟል።

ካሬውን ማሳነስም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በአውሮፕላን የተለካ ባለአንድ ሜትር ካርታ እንኳ ከመሬት በታች ያለውን ቱቦና በፕላስቲክ ጠርሙስ የተደፈነውን የጎርፍ መውረጃ አያይም። እነዚህ በእግር ተዞሮ ካልተመዘገቡ ሥዕሉ ይጠራል፣ ስሕተቱ ግን ባለበት ይቀራል። እያሳሳቀ የሚወስደው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ያማረ ካርታም ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። በጎርፍ ስጋት ስም ሰው ከቤቱ እንዲነሣ የሚወሰን ከሆነ፣ የካሬው ስፋት፣ የከፍታው መረጃ ምንጭና የስሕተቱ መጠን በካርታው ላይ ይጻፍ። መረጃው ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ባለፈው ክረምት ውኃው እስከ የት እንደ ደረሰ በግድግዳው ላይ የቀረውን ምልክት የሚያሳይ ነዋሪም ቃሉ ይመዝገብለት፤ ካርታው ከእርሱ ምስክርነት ጋር ሳይመሳከር ማንም እንዲነሣ አይፈረድበት።