ለሜዳ ከተማ የተራራ ብስክሌት፤ ምርጫውና የነጋዴው ኀላፊነት

የአንድ ዕቃ መልካምነት የሚመዘነው በመልኩ ወይም በዋጋው ብቻ ሳይሆን ከሚውልበት ሥራና ሥፍራ ጋር ባለው ስምምነት ነው። ይህ አሳብ ለነጋዴ ሁሉ የታወቀ ቢሆንም፤ በብስክሌት ንግዳችን ላይ በሚገባ ሲሠራበት አይታይም። በገበያችን ጐልተው የሚታዩት «የተራራ» የሚባሉት፤ ጎማቸው ትልልቅ ጥርስ ያለው፤ ባለ ብዙ ማርሽና ባለ አሞርዛተር ብስክሌቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር ከቤዛዊት ኮረብታ በቀር ይህ ነው የሚባል አቀበት የሌለባት ከተማ ናት።

ከተማችን በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያኽል ከፍታ ላይ በተዘረጋ ሜዳ ላይ የተሠራች ስለሆነች፤ ለብስክሌት የተፈጠረች ብንላት ማጋነን አይሆንም። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በኢጣልያ የጦር ካሳ ገንዘብ ከተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ከተከፈተ ወዲህ የሠራተኛውና የተማሪው ቍጥር ሲበዛ፤ ከተማዪቱ በብስክሌተኞቿ ብዛት በአገራችን ስም ያተረፈች ሆነች። ከዚያ በኋላ ባጃጅ መጥቶ የብስክሌትን ሥፍራ ብዙ አጠበበው። ነገር ግን በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ የተለየ መንገድ ይዞ መሠራቱ፤ ብስክሌት ገና ዘመኑ እንዳላለፈ የሚያስረዳ ምልክት ነው።

እንግዲህ ዋናው ደንበኛችን ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ከግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ፤ ወደ ሱቁ ወይም ወደ ፋብሪካው የሚሄድ ሰው መንገዱ አራት ኪሎ ሜትር ቢሆን፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሆነ መጠነኛ ፍጥነት በ16 ደቂቃ ይደርሳል። ይህ ሰው ከብስክሌቱ የሚፈልገው ልብሱን ሳያበላሽ፤ ላብ ሳያጠምቀው፤ በየሳምንቱ ጥገና ሳይጠይቀው በሰዓቱ እንዲያደርሰው ነው። ከተራራ ላይ ቁልቁል ለመወርወር አይደለም።

የተራራ ብስክሌት በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አገር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወጣቶች ከኮረብታ ላይ በኮረኮንች ለመውረድ ሲሉ ያዳበሩት ዐይነት ነው። አካሉ ጠንካራ፤ ጎማው ሰፊ፤ ፍሬኑ ኀይለኛ በመሆኑ ለኛም የሚጠቅም ጠባይ አለው። ከአስፋልቱ ገባ ባሉት መንደሮች ኮብልስቶንና ጭቃ ስለሚያጋጥም፤ ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት ለሠራተኛ አይመከርም። ስለዚህ ገዢው የተራራውን ዐይነት መምረጡ ስሕተት ነው አንልም። የምንለው ከተራራው ዐይነት ውስጥ የትኛውን እንደሚመርጥ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚታየው አሞርዛተሩ ነው። በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚገጠመው የፊት አሞርዛተር ብቻውን ሁለት ኪሎ ተኩል ያኽል ይመዝናል። ነጂው ተነሥቶ ፔዳሉን በረገጠ ቍጥር ወደ ታች እየሰመጠ ጕልበቱን በከንቱ ይበላበታል። አቧራና ጭቃ ከገባበትም ቶሎ ይላላል፤ ከላላ በኋላ ደኅና አድርጎ የሚያድሰው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ከኋላም ሌላ አሞርዛተር ያለበት ከሆነ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ለአጭር የሥራ መንገድ ቀጥ ያለ ተራ ሹካ ያለው ይበልጣል፤ የድንጋዩን መንገራገጭ ሰፊው ጎማ ራሱ ያለዝበዋል።

ሁለተኛው ጎማው ነው። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ለለሰለሰ አፈር የተሠራ በመሆኑ፤ በአስፋልት ላይ ይጐተታል፤ ድምፅ ያሰማል፤ ቶሎም ያልቃል። በዚያው ቸርኬ ላይ መካከሉ ለስለስ ያለ፤ ስፋቱ አንድ ኢንች ተኩል እስከ ሁለት ኢንች የሆነ ጎማ ቢገባ፤ ያው ብስክሌት ሌላ ብስክሌት የሆነ ያኽል ይቀላል።

ሦስተኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የምናየው ክረምት ነው። ብዙዎቹ የተራራ ብስክሌቶች ጭቃ መከላከያ የላቸውም። ያለ ጭቃ መከላከያ በሐምሌ ወር ወደ ቢሮ የሚሄድ ሰው ጀርባው በጭቃ ተረጭቶ ይገባል፤ በሁለተኛው ሳምንትም ብስክሌቱን አቁሞ ወደ ባጃጅ ይመለሳል። ስለዚህ ጭቃ መከላከያና የዕቃ መጫኛ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች በአካሉ ላይ መኖራቸውን አይቶ መግዛት ያስፈልጋል። ፍሬኑም ቸርኬውን የሚጨብጠው ዐይነት ቢሆን ጎማው ርካሽ ነው፤ ማንም ጠጋኝ ይለውጠዋል። ከዚህም ጋር የገዢው ቁመት ይታይ፤ በሁለት እግሩ መሬት ላይ ቆሞ ብስክሌቱን ሲያንፈራጥጥ በአግዳሚው ብረትና በእርሱ መካከል ጥቂት ጣቶች የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ፔዳሉ ወደ ታች ሲደርስም ጕልበቱ በመጠኑ ብቻ ታጥፎ ሊገኝ ይገባል። ይህን ሁሉ ለማየት ለሱቅ ጠባቂው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።

ለአስመጪዎች በተለይ የምናሳስበው የጎማን ቍጥር ነው። «26» ተብሎ የተጻፈበት ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም። የተራራው 26 ቸርኬ ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን፤ 26 በ1 ⅜ የሚባለው የቀድሞው ዐይነት 590 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ በሌላው ላይ ፈጽሞ አይገባም። እንዲሁም 27 ተኩል የሚባለው 584፤ 29 የሚባለው 622፤ በአሮጌዎቹ ትልልቅ ብስክሌቶች ላይ የሚታየው 28 በ1 ½ ደግሞ 635 ነው። ይህ ባለ ሦስት አኃዝ ቍጥር በጎማው ጎን ላይ ታትሞ ስለሚገኝ፤ ትእዛዝ ሲጻፍ በኢንች ብቻ ሳይሆን በዚህ ቍጥር ይጻፍ። የከመነዳሪውም ቫልቭ የመኪና ዐይነት ይሁን፤ ያን ጊዜ ባለ ብስክሌቱ በማናቸውም ጎሚስታ ዘንድ ንፋስ ያስሞላል።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፤ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ያስታውስ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንዲህ በከበረ ገንዘብ የማይጠቅም አሞርዛተርና ለከተማችን የማይስማማ ጎማ ገዝቶ ማምጣት፤ አገርንም ደንበኛንም መጉዳት ነው። በዚያው ገንዘብ ተራ ሹካ ያለው ብስክሌት፤ ከጭቃ መከላከያውና ከመለዋወጫው ጋር ሊመጣ ይችላል።

«ደንበኛው የሚፈልገው አብረቅራቂውን ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነት ነው፤ ወጣቱ በመልክ ይማረካል። ነገር ግን ሁለቱን ብስክሌቶች ጎን ለጎን አቁሞ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ነድተህ ተመለስ የሚለው ነጋዴ ቢያገኝ፤ እግሩ ራሱ ይመሰክርለታል። ምርጫ ያልቀረበለትን ሰው ምርጫህ ይህ ነው ማለት ግን ፍርድ ማጓደል ነው።

በሦስት ወር ውስጥ ተበላሽቶ በቤት ጥግ የሚቆም ብስክሌት ለሻጩ የአንድ ቀን ትርፍ ነው። ዐሥር ዓመት የሚሠራ ብስክሌት ግን ጎማ፤ ከመነዳሪ፤ ካቴናና ኩሽኔታ የሚገዛ ደንበኛ ያፈራል፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የከተማችን አስመጪዎችና ባለ ሱቆች ከሚመጣው ክረምት በፊት ተመካክረው፤ ለባሕር ዳር ሜዳ የሚስማማውን ዐይነት በአንድነት እንዲያዝዙ እናሳስባለን።