«ክብደቴ ነው» ብለው ብስክሌቱን ከመተውዎ በፊት የጎማውን አየር ያስለኩ

 

ዛሬ ከሐኪም የማይጠበቅ ርዕስ ይዤ መጥቻለሁ፤ የብስክሌት ጎማ አየር። «ይሄ የጎሚስታ ሥራ አይደል እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። ምክንያቴን ልንገርዎ።

ደም ግፊት ያለባቸው፣ 104 ኪሎ የሚመዝኑ ታካሚ ነበሩኝ። በየቀጠሮው «እንቅስቃሴ ያድርጉ» እላቸው ነበር። እሳቸውም ምክሬን ሰምተው ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ብስክሌት ገዙ። ጋምቤላ ሜዳ ናት፤ ለጀማሪ ትመቻለች። በቀጣዩ ቀጠሮ ስጠይቃቸው ግን ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ ተንፍሶባቸዋል፤ ሰፈሩም ስቆባቸዋል። «ዶክተር፣ ብስክሌት ለእኔ ዓይነቱ ሰው አልተሠራም» አሉኝ።

የተበሳውን የውስጥ ጎማ በስልካቸው ፎቶ አንስተውት ነበር። ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ እባብ የነደፈው ይመስላል። ይህ የእሾህ ሥራ አይደለም። አየር ያነሰው ጎማ የጉድጓድ ጠርዝ ወይም ድንጋይ ሲመታ፣ የውስጡ ጎማ ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ሲበሳ የሚተወው ምልክት ነው። እሳቸው ጎማውን በአውራ ጣት ጫን እያደረጉ «ጠንክሯል» ብለው ነበር የሚወጡት። አውራ ጣት ግን የ60 እና የ90 ፒኤስአይን ልዩነት አይነግርም።

ያን ቀን በራሴ አፈርኩ። «ስፖርት ይሥሩ» ብሎ ማሰናበት ግማሽ ምክር ነው። ሰውየው የተሸነፉት በሰውነታቸው ሳይሆን ማንም ባልነገራቸው አንድ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር እናስተካክል። ከባድ መሆን ሁሉ በሽታ አይደለም። በከተማችን ቁመተ ረጃጅሞች ብዙ ናቸው። 1 ሜትር ከ95 የሚረዝም ሰው 90 ኪሎ ቢመዝን ክብደቱ ጤናማ ነው። 1 ሜትር ከ65 የሆነ ሰው ያንኑ 90 ኪሎ ቢመዝን ግን ከልክ ያለፈ ውፍረት አለበት። ለእኔ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ታካሚዎች ናቸው። ለጎማው ግን አንድ ናቸው፤ ጎማ የሚያውቀው ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ማፈር አያስፈልግም፤ መመዘንና መሙላት ነው።

ስንት ይሞላ?

ክብደትዎ 100 ኪሎ አካባቢ ከሆነ፣ ለኋላ ጎማ ከዚህ ይጀምሩ፦

👉 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፦ ከ100 እስከ 110 ፒኤስአይ
👉 28 ሚሊ ሜትር፦ ከ85 እስከ 95
👉 32 ሚሊ ሜትር፦ ከ65 እስከ 75
👉 50 ሚሊ ሜትር ገደማ (ሰፊው የተራራ ብስክሌት ጎማ)፦ ከ35 እስከ 45

የፊተኛው ከኋላው ትንሽ ይነስ፤ በቀጭኖቹ ጎማዎች 10 ፒኤስአይ ያህል። አብዛኛው ክብደትዎ የሚያርፈው ኋላ ላይ ነውና። የጎማው ስፋትና ከፍተኛው የአየር መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ከዚያ በፍጹም አይለፉ፤ ቸርኬው ላይ ያነሰ ቁጥር ካለ ደግሞ እሱን ያክብሩ።

ገና ሊገዙ ከሆነ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ ቀጭኑን ይተዉት፣ ቢያንስ 32 ሚሊ ሜትር የሚቀበል ብስክሌት ይምረጡ። ሰፊ ጎማ በትንሽ አየር ብዙ ክብደት ይሸከማል። የዓለም ተወዳዳሪዎች እንኳ ከ23 ሚሊ ሜትር ወደ 28 እየሰፉ መጥተዋል። ብስክሌቱ ስንት ኪሎ እንደሚችልም ሻጩን ይጠይቁ።

«እንግዲያው እንደ ድንጋይ ላጠንክረው» እንዳይሉ! ከመጠን በላይ የተሞላ ጎማ የመንገዱን ንዝረት ሁሉ ወደ እጅና ወደ ወገብ ይልከዋል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ በመዳፍ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል ማለት ነው። ያኔ 5 ፒኤስአይ ይቀንሱ፣ የእጅ አያያዝዎንም ይቀያይሩ። ቸርኬው መሬት ሲመታ ከተሰማዎት 5 ይጨምሩ። ልክዎን የሚያገኙት እንዲህ ነው።

ሙቀታችንንም አይርሱ። አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ 90 ፒኤስአይ የያዘ ጎማ በ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ጠዋት በጥላ ይሙሉ፤ ብስክሌቱን ፀሐይ ላይ አያቁሙ።

ጎሚስታ ጋ ሲሄዱ «በመለኪያ ሙላልኝ» ይበሉ። እሱ የለመደው የመኪና ጎማ 30 ምናምን ነው፤ 90 ሲሉት ቢደነግጥ አይፍረዱበት። ኮምፕረሰሩን ጥቂት በጥቂት ይልቀቀው፤ የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ሞልቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ ያለው የእጅ ፖምፓ መግዛት ነው። ቀጭን ጎማ ሳይበሳም አየር ስለሚያጣ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይለኩ።

ወላጆች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ልጃችሁ ወፈር ያለ ከሆነና ብስክሌቱ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ «አንተ እኮ ከባድ ነህ» አትበሉት። ያቺ ቃል ከብስክሌት ብቻ ሳይሆን ከእንቅስቃሴ ሁሉ ልታርቀው ትችላለች። ጎማውን አብራችሁ ለኩ። ታናሹን ኋላ ጭኖ ከሆነም የተበሳበት ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሁሉ ኪሎ የኋላው ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሐኪምነቴን ደግሞ አልረሳም። ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በ10 ደቂቃ መጀመር ይቻላል። የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ወዲያው ያቁሙና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ስኳር ያለው ነገርም ይያዙ። ውኃና ሄልሜት አይለዩዎት።

ታካሚዬ ዳኑ አልልዎትም፤ መድኃኒታቸውንም አላቆሙም። ግን ብስክሌቱ ከግድግዳው ተነሥቷል። ጠዋት ጠዋት የባሮን ድልድይ ተሻግረው ይመለሳሉ።

ክብደትዎ እስኪቀንስ ብስክሌቱን አይጠብቁት። ዛሬ ባለዎት ክብደት፣ በልኩ በተሞላ ጎማ ይጀምሩ።

ለሚጠቅመው ሰው ያጋሩ። ጤና ይብዛልዎ!