«አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝ ግን . . .»

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃነቷን ካስመለሰች ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የተስፋፋው እንግሊዝኛ፣ ዛሬም የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ ነው። ስለዚህም አንድ ተማሪ ዲግሪውን ተቀብሎ እስኪወጣ ድረስ «ኢፍ» ስለሚባለው ቃል ሳይማር ያለፈበት ዓመት ጥቂት ነው ማለት ይቻላል። መምህሩ ሰሌዳውን ሦስት ቦታ ከፍሎ አንደኛ ዓይነት፣ ሁለተኛ ዓይነት፣ ሦስተኛ ዓይነት ብሎ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን ባዶ ቦታውን ሞልቶ ነጥቡን ያገኛል። ይኸው ወጣት ሥራ ሊቀጠር ሄዶ ከሦስት ጠያቂዎች ፊት በተቀመጠ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ሠንጠረዥ አንዲት ቃል እንኳ አያቀብለውም።

ሠንጠረዡ ተሳስቶ አይደለም። የሚጎድለው ተናጋሪና አድማጭ ነው። «ዝናብ ቢዘንብ ጃንጥላ እይዛለሁ» የሚለውን አረፍተ ነገር ማን ለማን እንደሚናገረው አይታወቅም፤ ዝናቡም አይዘንብ፣ ጃንጥላውም የለ። በእኔ አስተያየት የእንግሊዝኛውን «ቢሆን» ለማስተማር ከቅጥር ቃለ መጠይቅ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። እንዲህ ማለቴ ቃለ መጠይቅ የዘመኑ ፋሽን ስለ ሆነ አይደለም፤ የሥራ ልምድ የሌለው ወጣት ሳይዋሽ ስለ ራሱ ሊናገርበት የሚችለው ዋናው መንገድ ይኸው አገባብ ስለ ሆነ ነው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ለገንዘብ ያዥነት የሚወዳደር ወጣት፣ «ማታ ሒሳብ ሲዘጉ ገንዘብ ጎድሎ ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ?» ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጠየቃል እንበል። ጥያቄው «ዋት ዉድ ዩ ዱ ኢፍ ዩ ፋውንድ ዘ ካሽ ሾርት?» የሚል ነው። ወጣቱ «ፋውንድ» የሚለውን ሲሰማ ኃላፊ ጊዜ መሆኑን ያስታውሳልና፣ ስላለፈ ነገር የተጠየቀ መስሎት፣ «አገኘሁ፤ ደጋግሜ ቆጠርሁ፤ ለአለቃዬም ነገርሁ» ብሎ ይመልሳል። አሳቡ መልካም ነው፤ ሐቀኛ ገንዘብ ያዥ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው። ጠያቂዎቹ ግን ማመልከቻውን ገለጥ አድርገው ያያሉ። ባለፈው ሐምሌ የተመረቀ ልጅ የማንን ገንዘብ ያዘ? የትስ ጎደለበት? ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያዩበት ዐይን ሌላ ነው። ሰዋስው የተሳሳተው ልጅ በጠባዩ ተጠረጠረ።

እንግሊዝኛ ኃላፊውን ግሥ እዚህ ላይ የሚያመጣው ጊዜን ለማመልከት ሳይሆን፣ ነገሩ በአሳብ ብቻ ያለና ከእውነታው ራቅ ያለ መሆኑን ለማሳየት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ይመስላል እንጂ አሳቡስ እንግዳ አይደለም። «ከቀጠራችሁኝ እሠራለሁ»፣ «ብትቀጥሩኝ እሠራለሁ»፣ «ብትቀጥሩኝ ኖሮ እሠራ ነበር» የሚሉትን ሦስቱን የሚያምታታ አማርኛ ተናጋሪ የለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ይህን አገባብ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ያውቀዋል። መምህሩ ከዚህ ቢነሣ ድካሙ በእጅጉ በቀለለ ነበር። ልዩነቱ የእኛ «ብ» ሰፊ መሆኗ ነው፤ ሊሆን ለሚችለውም፣ ይሆናል ተብሎ ለማይታሰበውም ታገለግላለች። እንግሊዝኛ ግን ተናጋሪውን ምረጥ ይለዋል። «ኢፍ ዩ ሃየር ሚ፣ አይ ዊል . . .» ያለ ሰው መቀጠሩን ቅርብ አድርጎ ያየዋል፤ «ኢፍ ዩ ሃየርድ ሚ፣ አይ ዉድ . . .» ያለው ደግሞ ነገሩን ራቅ አድርጎ፣ ለጠያቂዎቹ ፈቃድ ትቶ ይናገራል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ነገር ግን ተማሪው የትኛውን እንዳለ አውቆ ይበለው። (በነገራችን ላይ፣ «ከአምስት ዓመት በኋላ የት ይደርሳሉ?» ሲባል፣ «እግዚአብሔር ካለ» ለማለት «ኢፍ ጎድ ሴይ» ብሎ የሚጀምር አይጠፋም። ትሕትናው የሚነቀፍ አይደለም፤ የቋንቋው ባለቤቶች ግን «ጎድ ዊሊንግ» ነው የሚሉት።)

የጠያቂዎች ጥያቄ ሁለት ዓይነት መሆኑንም ተማሪው ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ጌሪ ሌተም የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት «እንዲህ ቢያጋጥምዎ ምን ያደርጋሉ?» የሚለውን አጠያየቅ አቀረቡ፤ ሰው አደርገዋለሁ ብሎ ያሰበው ነገር ኋላ ከሚያደርገው ጋር ይያያዛል በማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቶም ጃንዝ «እንዲህ ባጋጠመዎ ጊዜ ምን አደረጉ?» የሚለውን መረጡ፤ ለወደፊቱ የሚመሰክረው ያለፈው ሥራ ነው በማለት። ለአዲስ ተመራቂ አስጨናቂው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የሚያወራው ያለፈ ነገር የለውማ። ስለዚህ አንዱ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ይፈጥራል፤ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ሦስተኛ መንገድ ግን አለ። «እንዲህ ያለ ነገር እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝ ግን አስቀድሜ እንዲህ አደርጋለሁ» የምትለው አረፍተ ነገር፣ በእንግሊዝኛ በትክክል ከተነገረች፣ የልምድን ማነስ ሳትደብቅ የአሳብን ብስለት ታሳያለች። አንድ መምህር በዓመት ውስጥ አንዲት የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር ብቻ እንዲያስተምር ቢፈቀድለት፣ እኔ ይህችን እንዲመርጥ እለምነው ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ተማሪው ብዙ ነው፣ ልምምዱ እንዴት ይሆናል? የሚል ይኖራል። በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው የተቀመጡ ተማሪዎች ለዚህ ይበቃሉ። አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ተጠያቂ ይሁን፤ ሦስተኛው እስክሪብቶውን ይዞ ግሡን ብቻ ያዳምጥ። «ዊል» አለ ወይስ «ዉድ»? የተጠየቀው ስለሚሆነው ነበር ወይስ ስለ ሆነው? ተናጋሪው እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠው፤ ከዚያ በኋላ ተራ ይለዋወጡ። መልሱን በመጀመሪያ በአማርኛ ቢሞክሩት ነውር የለበትም፤ የሚለው ነገር የሌለውን ሰው ሰዋስው አያድነውምና።

አጥብቄ የምቃወመው ግን፣ በየስልኩ የሚተላለፈውን የጥያቄና መልስ ዝርዝር ማስጠናትን ነው። ጠያቂው «ገንዘቡ ጎድሎ ሳይሆን ተርፎ ቢያገኙስ?» ብሎ ነገሩን ትንሽ ያዞረው እንደ ሆነ፣ ያጠናው ልጅ እዚያው ይቆማል።

ሦስተኛው ዓይነት «ቢሆን ኖሮ» በቃለ መጠይቅ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ በመጣ ጊዜ ግን አደገኛ ነው። አንድ ተመራቂ በተግባር ልምምድ ላይ ሳለ ስላልተፈጸመ ሥራ ሲጠየቅ፣ «በቂ ጊዜ ሰጥተውን ቢሆን ኖሮ እንጨርስ ነበር» ሊል ይችላል፤ ወይም «ቀደም ብዬ ጀምሬው ቢሆን ኖሮ እጨርስ ነበር» ሊል ይችላል። በሰሌዳው ሠንጠረዥ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የሰዋስው ፈተናም ቢሆን ለሁለቱ እኩል ነጥብ ይሰጣል። መምህሩ ሁለቱን በእንግሊዝኛ አሰምቶ፣ «እናንተ ጠያቂ ብትሆኑ የትኛውን ትቀጥሩ ነበር? ስለ ምንስ?» ብሎ ክፍሉን ቢያከራክር፣ ለዚህ ትምህርት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።