«ኧረ ምንም አልወስድም» የሚሉ አባቶቻችን



ጥርስ ሊያስነቅሉ የሄዱ ሸምገል ያሉ አባት «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲባሉ «ኧረ ምንም፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ቤት ግን ጠዋት የግፊት፣ ማታ አስፕሪን ይውጣሉ። እየዋሹ አይደለም። ለእሳቸው መድኃኒት ማለት ሲያም ተውጦ ሲሻል የሚተው ነው፤ ለዓመታት የተዋጠው ኪኒን ከሻዩና ከዳቦው ጋር ተቆጥሯል። ስለዚህ «እርጅና ነው፣ ይረሳሉ» ብቻ የሚለውን አንቀበልም። ጥያቄውም ጎዶሎ ነው። «ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለልብ፣ ለአጥንት የሚወስዱት አለ? በየወሩ የሚወጉትስ?» ተብሎ ሲዘረዘር መልሱ ይለወጣል።

ጥርስና የልብ ኪኒን ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጥርሱ ሲነቀል ደሙ ቶሎ አይቆምም። ሐኪሙ ካወቀ የደሙን ምርመራ አይቶ፣ ተዘጋጅቶ ይነቅላል። ካላወቀ ግን ችግሩ በመንቀሉ ብቻ አያበቃም፦ ለጥርስ መመርቀዝ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራል፤ መድማቱ ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አሌንድሮኔት ደግሞ አልፎ አልፎ ጥርስ የተነቀለበትን የመንጋጋ አጥንት እንዳይድን ያደርጋል። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ስለሚዋጥ «በየቀኑ የሚወስዱት?» ሲባሉ እናቶች አይቆጥሩትም። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለበትም ከመነቀሉ በፊት የሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ አለ።

«ደም ይበዛብኛል» ብሎ ዋርፋሪኑን በራሱ የሚያቆምም አለ። ይሄ የባሰ ነው! የድድ ደም በጥጥ ተነክሶ፣ ካልሆነም ተሰፍቶ ይቆማል፤ አንጎል ውስጥ የረጋ ደም ግን ሰውን አልጋ ላይ ያስቀራል። የሚያስቆመው መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ብቻ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ የሚደበቀው መድኃኒቱ ራሱ ነው። ምራት ወይም የልጅ ልጅ አጠገብ ቆማ «የሚወስዱት አለ?» ቢባሉ የሚያፍሩ አሉ። ሐኪሙ ለብቻቸው ቢጠይቃቸው ምን ይጎዳል?

እኛ ልጆች ደግሞ ቀላሉን እንሥራ፤ ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዘን እንሂድ። ልጅ ከጅዳ የላከው፣ ጽሑፉ ዐረብኛ የሆነውም ይግባ። ከጎረቤት የተካፈሉት፣ በብዛት የሚወስዱት ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርትም ይነገር። ፌስታሉ ብቻውን ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ገንዘብ ሲያጥር በቀን ሁለቱን አንድ የሚያደርጉ፣ ረመዳን ሲገባ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣርና ሱሑር የሚያዞሩ ብዙ ናቸው። እያንዳንዱን እያነሳን «አባባ፣ ይቺን መጨረሻ የዋጧት መቼ ነው?» ብለን ከቤት ሳንወጣ እንጠይቅ። ካርቶኑ ከጠፋ የኪኒኑ ልጣጭ ይበቃል፤ ስሙና ሚሊግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ላይ አለ።