«ፍሬን በጠሰ» የሚባል ነገር የለም

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። መኪና ያለው ዘመድ ካላችሁ ላኩለት። ቢቆጣም ላኩለት።

የአደጋ ዜናችን ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ነው። «ከነተሳቢው ሲጓዝ የነበረ የጭነት መኪና ፍሬን በጥሶ» ብሎ ይጀምርና ሙታንን ይቆጥራል። እኛ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» እንጽፋለን። ሹፌሩ በሕይወት ከተረፈ ይታሰራል፣ ካልተረፈ ይቀበራል። በማግስቱ ሌላ ወሬ ይመጣል። «ለመሆኑ የተበጠሰው ምኑ ነው?» ብሎ የጠየቀ ዜና እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ ልጠይቅ።

«በጠሰ» የበሬና የገመድ ቃል ነው። በሬው ገመዱን ይበጥስና ይፈረጥጣል። መኪናውንም እንደዚያው ስለምናስበው ቃሉ አይቆረቁረንም። በአየር ፍሬን የሚሠራ ተሳቢ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቱቦው ሲበጠስ ይቆማል እንጂ አይፈረጥጥም። ሆን ተብሎ የተሠራው እንዲያ ነው።

እንዴት? ከፊት ያለው መኪና ወደ ተሳቢው ሁለት የአየር ቱቦ ይልካል። ቀዩ ሁልጊዜ አየር አለበት፤ የተሳቢውን የአየር ታንክ የሚሞላው እሱ ነው። ሌላው፣ በአውሮፓ ሥሪት ቢጫ በአሜሪካ ሥሪት ሰማያዊ የሆነው፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ትእዛዙን ያደርሳል። ቀዩ ቢቀደድ፣ ቢነቀል ወይም ተሳቢው ጨርሶ ከመኪናው ቢለይ የአየሩ መጥፋት ራሱ ፍሬኑን ያስይዛል። በአዳዲሶቹ ላይ የፍሬን ቻምበሩ ውስጥ ኃይለኛ ስፕሪንግ አለ። ጨምቆ የያዘው አየር ነው፤ አየሩ ሲሄድ ስፕሪንጉ ይፈታና ጎማውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። በድሮዎቹ ላይ ደግሞ በተሳቢው ታንክ የተጠራቀመው አየር በራሱ ቫልቭ በኩል ገብቶ ያስይዛል። (የድሮ ተሳቢ ሲያድር ረዳቱ ታኮ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ሌሊት አየሩ ሾልኮ ሲያልቅ ይለቃል።)

ይህ አዲስ ጥበብም አይደለም። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የሚባለው አሜሪካዊ ለባቡር የአየር ፍሬን ያወጣው በፈረንጆቹ 1869 ነው። ፉርጎ ተቆርጦ ቢቀር ራሱን እንዲያቆም አድርጎ ያሻሻለው በ1872። አጤ ዮሐንስ ገና ዘውድ ሲጭኑ ማለት ነው።

እንግዲህ ተሳቢ የያዘ መኪና ቁልቁለት ላይ «አልያዝ አለ» ከተባለ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የተሳቢው ፍሬን ከአደጋው ቀን በፊት በሰው እጅ ተዘግቷል፣ ወይ ሸራው፣ ታምቡሩና ማስተካከያው ሳይታይ ከርሞ በሙቀት ደክሟል። ሁለቱም የሚጀምሩበት ቀን አላቸው። ሁለቱም «እሺ፣ እንዲሁ ይሂድ» ያለ ሰው አላቸው።

በሰው እጅ መዝጋት ስል አንዳንዱ አንባቢ ይገርመው ይሆናል። ሾፌርና መካኒክ ግን ያውቁታል። ቻምበሩ ላይ ስፕሪንጉን ጨምቆ የሚያስር ረጅም ብሎን ይገባል። የተሠራው የተበላሸ ተሳቢ ጋራዥ እስኪደርስ እንዲጎተት ነው። እኛ አገር ግን ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስም እዚያው እንደታሰረ ነው። ወደ ጎማው የሚሄደውን ቱቦ አጥፎ በሽቦ መጠፈርም አለ። ቱቦው ተጠፍሮ የተሳቢው ፍሬን ከሌለ፣ የሁለቱን ሸክም የፊተኛው መኪና ፍሬን ብቻውን ይሸከማል። ለአንድ ቤት የተሠራ ምሰሶ ሁለት ቤት ተጫነበት።

ለምን ያደርጉታል? ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ከወልድያ ወደ ድልብ ዳገቱን ስትወጣ አንድ ቫልቭ ቢያፈስ ተሳቢው ድርቅ ብሎ ይቆማል። ልክ ነው፣ ሥራው ነው። አሁን መንገድ ዘግተሃል፣ ከኋላህ አውቶቡስ ይጮኻል፣ መለዋወጫው የለም፣ ጸጥታው አያስተማምንም፣ ሊመሽ ነው። ለባለንብረቱ ትደውላለህ። «እንደምንም ብለህ አምጣት» ይልሃል። «እሺ ጋሼ» ብለህ መፍቻ ታነሳለህ። «እንደምንም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደዋዩም ተቀባዩም ያውቃሉ። አደጋ ሲደርስ ግን የሚታሰረው መፍቻ ያነሳው ነው። ስልክ ያነሳው መድን ቤት ሄዶ ፎርም ይሞላል።

መንገዱን ደግሞ እዩት። ደርግ ጊዜ ቻይኖች የሠሩት፣ እስከ ዛሬም «የቻይና መንገድ» የምንለው ከወልድያ ተነስቶ በጋሸና አድርጎ ወረታ የሚደርሰው ነው። ከጅቡቲ በሚሌ በኩል የሚመጣ ጭነት ከአፋር በረሃ፣ ከ500 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋው አምባ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ወዳለበት ሜዳ፣ ወደ 2000 ሜትር ያወርድና ላሊበላ ከተማ እስኪደርስ መልሶ ወደ 2500 ያወጣል። ሲሚንቶው፣ ማዳበሪያው፣ ቢራው፣ የእርዳታ እህሉ የሚመጣው በዚህ ነው። ባዶውን ሲመለስም ይኸው ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

አንድ ሒሳብ ልሥራ፣ ከባድ አይደለም። 40 ቶን የሚመዝን መኪናና ተሳቢ 800 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ፣ የሚለቀው ጉልበት ወደ 9 ሊትር ናፍጣ ሲነድ የሚሰጠውን ሙቀት ያህላል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከያዘው ብዙውን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱለታል። ነዳጅ ቆጠብኩ ብሎ በፎሌ የሚለቀው ግን ያን እሳት በሙሉ ታምቡርና ሸራ ላይ አራገፈው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራው ሲግል መያዝ ይተዋል። ፔዳሉ ይረገጣል፣ አየር አለ፣ የተበጠሰ ምንም የለም፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ይኼ ነው «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው። የስድስቱ ጎማ ፍሬን የታሰረ ተሳቢ ከኋላ ሲገፋህ ደግሞ ይኼ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ሳይሆን በደቂቃዎች ይመጣል።

አሁን ወደ መለዋወጫው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቀየመኛል።

ሶማሌ ተራም ሂዱ፣ ወልድያም ሂዱ፣ የተሳቢ ፍሬን ዕቃ ስትጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «የምን መኪና ነው?» ብሎ ነው። «የሲኖትራክ» ትላላችሁ። አንስቶ ይሰጣችኋል። ጥያቄውም መልሱም ስህተት ነው። ተሳቢው ሲኖትራክ አይደለም! ተሳቢውን የሠራው ሌላ ነው፣ አክስሉን የሠራው ደግሞ ሌላ። ፉዋ ሊሆን ይችላል፣ ቢፒደብሊው ሊሆን ይችላል፣ ሳፍ ሊሆን ይችላል። አክስሉ ላይ የብረት ሰሌዳ ተለጥፎበታል፣ የአክስሉ ዓይነትና ቁጥር እዚያ ተመትቷል። ጭቃውን በብሩሽ ጠርጎ፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ ወደ ሱቅ መሄድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ግን አሮጌውን ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘን «የዚህን ዓይነት» እንላለን። አሮጌውም ቢሆን ባለፈው ጊዜ በስህተት የተገጠመ ይሆናል።

ምን ችግር አለው ለሚል፣ አንድ ምሳሌ። የፍሬን ቻምበር ላይ 24 ወይም 30 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ አየሩ የሚገፋውን የገጽ ስፋት በካሬ ኢንች ይነግራል። አየሩ 7 ባር ገደማ ሲሆን 30ው ወደ 1360 ኪሎ ይገፋል፣ 24ቱ ወደ 1090። ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፣ ብሎኑም ይገጥማል። በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ለየብቻ ብትገጥማቸው አንዱ ጎን 270 ኪሎ ይጎድለዋል። ደረቅ መንገድ ላይ ሸራ ያበላልጣል። በነሐሴ ጭቃና ጉም ተሳቢውን ወደ ገደል ያዞረዋል።

ማያያዣው የባሰ ነው። ግማሽ ተሳቢን ከመኪናው ጋር የሚይዘው ኪንግ ፒን፣ የተለመደው ዓይነት፣ ሲሠራ ውፍረቱ 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ተበልቶ 49 ከደረሰ መጣል አለበት። ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ በዓይን አይለይም፣ ካሊፐር ይፈልጋል። ሙሉ ተሳቢ ላይ ደግሞ የመጎተቻው ቀለበት በ40 እና በ50 ሚሊ ሜትር ይሠራል። የ50ውን ቀለበት በ40ው ፒን ላይ ማስገባት ይቻላል። ይገባል። ግን ፍሬን በተያዘና በተነሳ ቁጥር 10 ሚሊ ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ይመታል። እንደ መዶሻ ነው፤ ከሚሌ እስከ ጋሸና ስንት ጊዜ እንደሚመታ እናንተ አስሉት።

መፍትሔያችን ምንድነው? ቶርኖ ቤት። የተበላውን በብየዳ አስሞልቶ ማስላጥ። ቶርኖ ቤቶቻችንን አከብራለሁ፣ ባይኖሩ ግማሹ አገር ቆሞ ነበር። ግን ኪንግ ፒን በሙቀት ተስተካክሎ የጠነከረ ብረት ነው። ብየዳ ሲነካው ያ ጥንካሬ ይበላሽና ከሥሩ ስንጥቅ ይጀምራል። ሲወጣ አዲስ ይመስላል። ማስላጥ የሚቻል ነገር አለ፣ የማይቻልም አለ። የሚያያይዝ ነገር አይሞላም፣ ይቀየራል።

«ተወደደ» ትሉኛላችሁ። አዎ ተወዷል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ገበያ ላይ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ሰማይ ነው፣ መንገዱ በተዘጋ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ እላዩ ላይ ይጨመራል። ይህን የማላውቅ አይምሰላችሁ። ግን ለዚያው መኪና ጎማ ሲገዛ፣ ሙሉ ቀለም ሲቀባ፣ ከኋላው ጥቅስ ሲጻፍ፣ ጋቢናው በመጋረጃና በመብራት ሲያጌጥ አይቻለሁ። ገንዘቡ ሁልጊዜ ጠፍቶ አይደለም፤ ወደሚታየው ሄዶ ነው። ቻምበር አይታይም።

«በፈጣሪ ነው የምንሄደው» የሚሉም አሉ። እኔም በሱ ነው የምሄደው። ግን የቅዱስ ላሊበላ ገድል መላእክት አገዙት ይላል እንጂ መሮውን ጥሎ ቁጭ አለ አይልም። ያን ሁሉ ዓለት ሲፈለፍል ልኩን ሳያይ አልመታም።

ቦሎ የሚሰጠውስ? ዓመታዊ ምርመራ በ2002 በወጣው አዋጅ ቁጥር 681 የታዘዘ ግዴታ ነው። ተሳቢም የራሱ ሰሌዳ አለው። እኔ ባየሁት ምርመራ ግን መኪናው መብራቱን አብርቶ፣ ጥሩንባውን ነፍቶ ሲያልፍ ተሳቢው እንደ ጅራት ተከትሎ ያልፋል። ከሥሩ የገባ ሰው አላየሁም። ያቺ ወረቀት መስታወት ላይ ስትለጠፍ እናንተ በአውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጣችሁት «ታይቷል» ብላችሁ ታምናላችሁ። አልታየም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አደጋ ሲደርስ ፖሊስ የተሳቢውን ቻምበሮች ይፍታና በብሎን የታሰረ ካለ ይመዝግብ፤ ያሰረውን ብቻ ሳይሆን «አምጣት» ያለውን ይጥራ። ሻጭ ደረሰኝ ላይ «የፍሬን ዕቃ» ብሎ አይጻፍ፤ የአክስሉን ስምና የቻምበሩን ቁጥር ይጻፍ። «ፍሬን በጥሶ» የሚል ጋዜጠኛም ምን እንደተበጠሰ ይንገረን፣ ካላወቀ ቃሉን ይተወው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ጊዜ የማይወስደው አንድ አለ፤ የሚቀድመውም ገና ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ ከጎንደር፣ ከጎጃም በእግሩ የሚመጣው ምዕመን፣ ሽማግሌው፣ አራሷ፣ ነጠላውን ለብሶ ያንኑ አስፋልት ዳር ይዞ ነው የሚሄደው። መሸሻ የለውም፣ በአንድ በኩል ገደል በአንድ በኩል ተራራ ነው። ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 1 ጋሸና መታጠፊያው ላይ ሁለት ትራፊክና አንድ መካኒክ ይቁሙ። መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ተሳቢ የያዘውን ሁሉ ሜዳው ላይ ያቁሙት፣ ታንኩ አየር ይሙላ፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፣ ከዚያ ቀዩን ቱቦ ይንቀሉት። ሹፌሩ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ለመሳብ ይሞክር። የተሳቢው ጎማዎች በሙሉ ደርቀው ከያዙ መልካም መንገድ። አንድ ጎማ እንኳ ከዞረ ጭነቱ እዚያው ይራገፍ፣ ተሳቢው ጋሸና ይደር፣ ለባለንብረቱም ከዚያው ይደወልለት።